ከጆሮ ወደ ምላስ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ምግብ የምታበስለውን ሴት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ፈታዩም፣ ሸማኔውም፣ በር ጠባቂውም «ቀኜ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ አሮጌ ማሽን ጠጋኝ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳህኑን ዘርግቶ ትንሽ ጨምሪልኝ ቢላት ዝም፣ ደግሞ ቢላት ዝም። ኋላ ፊቷን መለስ አድርጋ በቀኝ በኩል ዞሮ እንዲነግራት፣ በዚያኛው በኩል የድስቱ ጩኸት እንደሚያስቸግራት ነገረችው። ድስቱ ሰበብ ነበር። ሰውዬው ግን ነገሩን ለቀልድ ወሰደውና «በቀኟ ካልለመኗት አትሰጥም» እያለ አስወራባት፤ እሷም እየሳቀች ስሙን ተቀበለች።

እጇ ይጣፍጣል። ያንኑ ድንች፣ ያንኑ ጎመን፣ ያንኑ ምስር እያፈራረቀች ብትሠራም ሠራተኛው ዛሬ ምን አለ ብሎ ሳይጠይቅ ነው የሚሰለፈው። እንዴት ነው የምትመጥኚው ሲሏት ሳቅ ብላ ታልፋለች። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ላስ ታደርገዋለች። ዓይኗን ለአፍታ ጨፈን አድርጋ ከጨው ዕቃው ዘገን ታደርግና ትነሰንሳለች። አበቃ፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ግራ ጆሮዋ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታምቡሩ የተበሳ ነበር። ብርድ በመታት ቁጥር ይመግላል፤ ሲመግል ደግሞ ይሸታል። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ አብራት የምትቀመጥ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ቦታ ስትቀይር አይታለች። ያን ቀን የገባባት እፍረት ከዚያ በኋላ አልወጣላትም። ጥጥ ጠቅልላ ትወትፍበታለች፣ ጸጉሯን ከላይ ትለቅበታለች፣ ከሰው ጋር ስትቀመጥ ግድግዳውን በግራዋ ታደርጋለች። ስታገባ ለባሏ አልደበቀችውም። ለእናቱ ግን እንዳይናገር አጥብቃ ለመነችው። ጉድለት ያላት ሴት ነው ያገባኸው እንዳይሉት ፈርታ ነው።

ባሏ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነጂ ነው። ዛሬ ወጣ ካለ ቀናት አልፈው ነው የሚመለሰው። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው መርፌ ማየት ሲያቅተውና ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸውን ሲጎዱ፣ ብቻቸውን ከሚኖሩበት ቤት አንስቶ ወደ ራሱ አመጣቸው። እንግዲህ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አማትና ምራት ብቻ ናቸው ያሉት።

አማቷ ድምፃቸው ከአፋቸው የማይርቅ፣ ለስለስ ያሉ ሴት ናቸው። ቦታቸው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር፣ በምራታቸው በግራ በኩል። ሻይ እየጠጡ ስለ ድሮ ሰፈራቸው አንድ ነገር ያነሳሉ፤ መልስ የለም። ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር ይላሉ፤ ቀኜ ድንቿን ትልጣለች። መጀመሪያ ደክሟት ነው አሉ። ቆይተው ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ አሉ። በመጨረሻም ይህች ልጅ ንቃኛለች ብለው ደመደሙና ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። የቀራቸው መናገሪያ ምግቡ ብቻ ነበር። ምላሳቸው ሚዛን ነው፤ ሾርባው ፊታቸው ሲቀርብ አንዴ ይቀምሱና ጮክ ብለው «ጨው በዝቷል» ወይም «ጨው አንሷል» ይላሉ። ይህችን ብቻ ቀኜ አንድም ቀን ሳትሰማ ቀርታ አታውቅም። እሷም በበኩሏ፣ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ጣቱን የሚልስበትን እጅ እኚህ ሴትዮ ብቻ ያልወደዱት ስለጠሉኝ ነው ብላ ደምድማ ነበር።

በአንድ የብርድ ወራት ጆሮዋ ክፉኛ አመረቀዘ። ትኩሳት ያዛት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት ሲነኩት ያማት ጀመር። ባሏ ፈቃድ ወስዶ ሆስፒታል አደረሳት። ያየቻት የጆሮ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ መመረዙ እየተመላለሰ አጥንቱን ሊበላው እንደሚችል ነገረቻት። የሚደረገውንም አስረዳቻት። ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ካለው ጡንቻ ላይ ስስ ሽፋን ይወሰዳል፤ ታምቡሩ በዚያ ይደፈናል። ሊመጡ የሚችሉትንም ነገሮች አንድ በአንድ ዘረዘረችላት፤ መጣፊያው ላይይዝ ይችላል፣ ማዞር ሊኖር ይችላል፣ ፊት ላይ የመጣመም ነገር ሊታይ ይችላል፣ የምላስ ጣዕም ሊቀየር ይችላል። ቀኜ ፊት ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ልብ ብላ አልሰማችም። ፊቷ ተጣሞ ሰልፈኛው ፊት ስትቆም ነበር የታያት።

የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሲቃረብ ባሏ ለእናቱ መንገር ግድ ሆነበት። ሦስቱም ገበታ ላይ እንደተቀመጡ ነገሩን ከጥንት ጀምሮ አወጣው። አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲያው እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ለግድግዳ ነው ሳወራ የኖርኩት?» አሉ።

ቀኜ አንገቷን ደፋች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት አማቷ ቀድመዋት ብድግ አሉና ወንበራቸውን እየጎተቱ ዞረው በቀኟ በኩል ተቀመጡ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ መጣፊያው ጠየቁ። ሽፋኑ ከራሷ ገላ የሚወሰድ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደሱማ ከሆነ የሚገባቸው ሥራ እንደሆነ፣ ጨርቁ ስስ ከሆነ ዳር ዳሩን ጠንቀቅ ማለት እንደሚያስፈልግ፣ የሚፈታው ሁልጊዜም ከዳር እንደሆነ ተናገሩ። ልጃቸው ሐኪሟ ይህን የምታውቅ ይመስለኛል ብሎ ሳቀ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ቀኜ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠምጥሞ ወጣች፤ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መስታወት መለመን ነበር። ፊቷ ደህና ነው። ፈገግ ብላ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ገልጣ ፈተሸችው። እፎይ አለች። ቤት ስትገባ ባሏ ወደ መንገዱ ተመለሰና አስታማሚዋ አማቷ ሆኑ። አፍንጫዋን እንዳትናፈጥ፣ ማስነጠስ ከመጣባት አፏን ከፍታ እንድታስነጥስ፣ ውሃ ጆሮዋ አጠገብ እንዳይደርስ ተነግሯት ስለነበር አማቷ እንደ ዘበኛ ጠበቋት። ስትነሳ ዓለም እንደ ጀልባ ሲዋዥቅባት ክንዷን ያዙ።

የመጀመሪያውን ቀን የምስር ሾርባ ሠሩላት። ቀኜ አንድ ማንኪያ ጎረሰችና ድንግጥ አለች። ሾርባው የዛገ ብረት፣ ብረት ይላል። ሳንቲም አፏ ውስጥ ያስቀመጠች መሰላት። ሴትዮዋ ድስቱን ደህና አድርገው አላጠቡት ይሆናል አለች በልቧ፤ ምስጋናዋን ግን አቅርባ ዋጥ አደረገችው። ሻይ ሰጧት፤ ሻዩም ብረት። ዳቦ ቆረሰች፤ ዳቦውም ብረት። መድኃኒቱ ነው፣ ሲያልቅ ያልፋል ብላ ራሷን አጽናናች። መድኃኒቱ አለቀ፤ አላለፈም።

አልተናገረችም። ነገርን መደበቅ ከልጅነቷ የተማረችው ነውና ይህንንም እንደዚያኛው ደበቀችው። ከምግቡ ጥቂት ትቀማምስና ጠገብኩ ትላለች። አማቷ ሳህኑን ሲያነሱ ግማሹ እንዳለ ነው። ቅቤ ጨመሩ፣ ቅቤውን ተዉ፣ ሽንኩርቱን ቀየሩ፤ ያው ነው። ለካ የድሮው ቅሬታ ገና አልሻረም ነበር፤ ሆድ ባሳቸው። ለዓመታት እጇን ሲተቹ ኖረው አሁን የሳቸውን እጅ የናቀችባቸው መሰላቸው። ለልጃቸው በስልክ ደህና ናት፣ እህል ብቻ አልቀመስ ብላለች አሉት። ከዚያ በላይ አላሉም።

ሥራ የተመለሰች ቀን ክበቡ ውስጥ ደስታ ሆነ። ጠጋኙ ሰውዬ አሁን በየትኛው በኩል ነው የምንለምንሽ ብሎ ቀለደ። ድስቷን ጣደች፣ አትክልቱን ከተተች፣ መንተክተክ ሲጀምር እንደልማዷ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። ብረት። ዘገን አድርጋ ጨመረች። አሁንም ብረት። ጨው ጨው እስኪል ድረስ አንዴ፣ ሁለቴ ደገመች። ሰልፉ ተስተናገደ፣ ሰው ተቀመጠ። አዳራሹ የወትሮው ጫጫታ የለውም። ማንኪያ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ማንኪያ ይቆማል። ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ የጎዳትም ያ ነው። ሰው ሊያስከፋት ስላልፈለገ የጨው ባሕር እየዋጠ ነበር። ጠጋኙ ሳህኑን ይዞ መጣና በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብሎ «ቀኜ፣ ዛሬ ሰውነትሽ ገና አልበረታም መሰለኝ» አላት ቀስ ብሎ። ዕቃ ቤት ገብታ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

የክበቡ ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው። ነገሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶ እስክትጠነክሪ ድረስ ብሎ ወደ አትክልት መላጥ አዛወራት፤ ድስቱን ለረዳቷ ሰጠ። ቤት ስትመለስ ሥራ እንዴት ነው ሲሏት ደህና ነው አለች። በዚያው ሰሞን ጆሮዋ እንደገና ይጠዘጥዛት ጀመር፤ ጠዋት ስትነሳ ትራሷ ላይ እርጥበት አገኘች። ያች የምታውቃት ሽታ ተመልሳ መጣች። ጥጥ ፈልጋ ስትወትፍ አማቷ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የመንገድ ጫማቸውን አደረጉና «ተነሽ፣ እንሂድ» አሏት።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ ብዙ አየቻት። ጆሮው ተመርዟል፣ በጠብታ ይድናል አለች። መጣፊያው አብዛኛው ይዟል፤ ዳር ላይ ግን አንድ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ተከፍታለች፤ በራሷ ትዘጋ እንደሆነ ጠብቀን እናያለን ብላ አከለች። አማቷ ከጥግ ሆነው «ዳሩን ብዬ ነበር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ሐኪሟ ሌላ የተሰማሽ ነገር አለ ብላ ጠየቀች። ቀኜ የለም ልትል ነበር። ትራሷ፣ ጥጡ፣ የዱቄት ጆንያው፣ ሁሉም ባንዴ መጣባትና አፏ ከፈቃዷ ውጭ ተከፈተ።

«ጣዕም የለኝም» አለች። «የምበላው ሁሉ ብረት ነው። እኔ ደግሞ ወጥ ሠሪ ነኝ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከምላስ ጣዕም የሚወስድ ቀጭን ነርቭ እንዳለ፣ መንገዱም በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ፣ ከታምቡሩ ጀርባ እንደ ክር ተወጥሮ እንደሚያልፍ፣ ቀዳዳውን ለመድፈን ሲሠሩ ገፋ ማድረግ ግድ እንደነበር አስረዳቻት። አልተቆረጠም፣ ተጎድቷል። ቀኜ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ይመለሳል። አንዳንዱ ላይ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። አንቺ የትኛዋ እንደምትሆኚ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አለቻት ሐኪሟ። ቀጥላም የተነካው የምላሷ የፊተኛው ክፍል በግራ በኩል ብቻ መሆኑን፣ የቀረው ግን ደህና እንደሆነ፣ ብረቱ ጮኾ ስለሚሸፍነው እንደማይሰማት ነገረቻት። ስትቀምስ በቀኝ በኩል አድርጋ እንድትሞክር መከረቻት።

ከሆስፒታሉ ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አማቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

«ጆሮሽን ደበቅሽኝ፤ እሺ ይሁን። ምላስሽንም ደበቅሽኝ» አሉ። «ሌላ የቀረ ነገር አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«ሾርባዬን የተውሽው ለዚህ ነው?»

ቀኜ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። አውቶቡሱ መጣ፤ አማቷ ሰውን አሳልፈው ሾፌሩን ቀጣዩን እንጠብቃለን አሉት። እንዲህ እንደተቀመጡ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል «እንግዲህ ምላሷም ቀኜ ሆነ ማለት ነው» አሉ። ቀኜ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሎ ሆዷን አመማት።

በማግስቱ አማቷ ገበታው ላይ ብርጭቆዎች ደረደሩ። አንዱ ውስጥ ባዶ ውሃ፣ ሌሎቹ ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ ጨው። ቀኜን ጀርባዋን አዙረው ቦታቸውን ይቀያይሩና ቅመሺ ይሏታል። እሷ ማንኪያውን በምላሷ ቀኝ ዳር ታስገባለች፣ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ያው ብረት ነው። ብረቱን ችላ ብላ ከሥሩ ያለውን ስትፈልግ ግን፣ ከወፍራም ግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ንግግር፣ ጨው አለ። ይኸኛው ነው ስትል አማቷ ይመረምሯታል፤ ስትገምት ያውቁባታል። «አሁን ገመትሽ እንጂ አልቀመስሽም» ይሉና ውሃ አስጉመጥምጠው ያስደግሟታል። በጨው ነገር የማይታገሡት ሴትዮ ለዚህ ትዕግሥታቸው ማለቂያ አልነበረውም። ሲደክማቸው ደግሞ ሾርባ አብረው ይሠራሉ። ቀኜ ትጨምራለች፣ አማቷ ይቀምሳሉ። «ጨው አንሷል» ይላሉ፤ ይህች ቃል የስንት ጊዜ ጸብ ስትሆን ኖራ አሁን እንደ መድኃኒት ትጠበቅ ጀመር።

ድስቷን እንዲመልስላት ኃላፊውን ልትለምን ስትነሳ አማቷ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ። ኃላፊው ራሱን አከከ። የፋብሪካው ደንብ ከሠራተኛ በቀር ወጥ ቤት እንዲገባ አይፈቅድም። ቢሆንም ቀኜ ከሄደች ወዲህ ሰልፉ እያጠረ፣ ሰው ምሳውን ከቤቱ እየቋጠረ መምጣቱን እሱም ያየዋል። ጤና ምርመራ አስደርጎ፣ ነጭ ጋዋንና የራስ መሸፈኛ ሰጥቶ እስቲ ለጊዜው ይሞከር አለ። ጋዋኑ ሰፍቷቸው ነበርና አማቷ እጅጌውን ራሳቸው በዳሰሳ አሳጠሩት፤ መርፌው ላይ ክሩን ያስገባችላቸው ምራታቸው ናት።

የመጀመሪያው ቀን ወንበር አምጥተውላቸው ከትልቁ ድስት አጠገብ ተቀመጡ። ቀኜ በምላሷ ቀኝ ዳር ትቀምሳለች፣ ፍርዷን ትሰጣለች፣ ከዚያ ጭልፋውን ወደ አማቷ ታዞራለች። ሦስቴ ጨመሩ፣ አንዴ ውሃ አከሉ። ሰልፉ ተስተናገደ። ሁለቱም በመስኮቱ በኩል አዳራሹን እያዩ ቆሙ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሰው ማውራት ጀመረ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቆይቶ አዳራሹ ወደ ወትሮው ጫጫታው ተመለሰ። ጠጋኙ ባዶ ሳህኑን ይዞ ድጋሚ ሲመጣ አማቷ የምራታቸውን እጅ ጭብጥ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት አብረው ይወጡ ነበር። አማቷ ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ በመስኮቱ ሥር ሲያረጁ የነበሩትን ሴትዮ አልመስል አሉ። ሸማኔዎቹን በየማሽናቸው ለዩ፤ ማን ጨጓራ እንዳለበት፣ ማን ልጇን እንደምትድር አወቁ። የተቀደደ ኪስ ሲያዩ አውልቀው ይላሉ። በእግር መንገዱ ላይ የድሮ ሰፈራቸውን ታሪክ ያወሩላታል፤ በቀኟ በኩል ሆነው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው። ቀኜ ከዚህ በፊት በግራዋ በኩል የፈሰሰው ወሬ ሁሉ እንዲህ ያለ ከሆነ ብዙ ነገር አምልጦኛል ብላ ታስባለች።

ጆሮዋ ደረቀ። ያች የመርፌ ቀዳዳ ግን አልተዘጋችም። ሐኪሟ ከፈለግሽ እንደገና ልንሞክረው እንችላለን፣ ካልመገለ ግን ልንተወውም እንችላለን ስትላት ቀኜ ብዙ አላሰበችም። በግራዋ ከድሮው የተሻለ ትሰማ ጀምራለች፤ በር ሲንኳኳ፣ ዝናብ ሲጥል ታውቃለች። ምላሷን ዳግመኛ ለዕጣ አታቀርብም። ከውሃና ከብርድ ልጠብቀው አለች፤ ሐኪሟም ተስማማች።

ክረምቱ አልፎ አንድ ጠዋት፣ ካሮት እየከተከተች ሳለ አንዷን ቁራጭ ሳታስበው ወደ አፏ ወረወረች። አኘከችና ቆመች። ጣፋጭ ነው። ብረቱ አልጠፋም፤ ግን እንደ ሩቅ ድምፅ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ከፊቱ ካሮት አለ። ሌላ ቁራጭ ጎረሰች፤ በግራ በኩል አኘከችው። ካሮት ነው። ዳቦ አነሳች፣ ሽንኩርት ላሰች፣ ከድስቱ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ረዳቷ ምን ነካሽ ብላ አየቻት።

በዚያው ቅጽበት ዓይኗ አማቷ ላይ ወደቀ። ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ጭልፋቸውን ይዘው ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ዝም ብትል ምንም አይቀርም፤ አማቷ እንደ ወትሮው እየቀመሱ ይኖራሉ። ግን መደበቅ በቃኝ ብላለች። አጠገባቸው ሄዳ ጎንበስ አለችና ነገረቻቸው።

አማቷ ፊታቸው በራ። ፈጣሪን አመሰገኑ፣ ጉንጯን ሳሟት። ቀጥሎ ግን እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጋዋኑ ቁልፍ ሄደ። እንግዲህ ወንበሩ መተላለፊያ እንደሚያጣብብ፣ ድሮውንም እግራቸው መንገዱን አልችል ብሎ እንደነበር ያወሩ ጀመር። ቀኜ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሳችው።

«እማማ፣ እኔ ግማሹን ነው የማገኘው፤ ሌላው ግማሽ እርስዎ ጋ ነው» አለቻቸው። «ድስቱ እየፈላ ነው፤ ይልቅ ይቅመሱልኝ።»

ሴትዮዋ አንዴ አዩዋት። ከዚያ ጭልፋውን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ፣ ላስ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

ጣዕሟ እየዋለ እያደረ ሙሉ ለሙሉ ባይሆንም ለሥራዋ የሚበቃውን ያህል ተመለሰ። ብርድ ሲሆን ብረቱ ብቅ ይላል፤ ያን ቀን ለአማቷ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸውም ደግመው ይቀምሳሉ። ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ ክበቡን አልተዉም። አንዳንድ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ሲቀሩ ሰልፈኛው ሳህኑን ከመዘርጋቱ በፊት አሮጊቷ የት ሄዱ ብሎ ይጠይቃል። ቀኜም ደህና ናቸው፣ ነገ ይመጣሉ ትላለች፤ ማታ ቤት ስትገባ ማን ማን እንደጠየቃቸው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች።